ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ጥበቃና በቤት ስለሚሠራው የዘወትር ሥራ

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የጥገናው ሥራ ከጣሊያኖች ጋር ስለ ተስፋፋ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ግራሶ የሚሉት ቃላት ከሙያው ጋር በሕዝቡ አፍ ቀርተዋል። ዛሬም በገጠር ብዙውን ሸክም የሚሸከሙት ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ መኪናዎች ናቸው።

እነዚህን መኪናዎች መጠበቅ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ በእጁ ያለውን ያበላሸ ሰው ምትኩን በቀላሉ አያገኝም።

ለምሳሌ ሺሺንዳን እንመልከት። ይህች ከተማ በከፋ ዞን፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አገሩ ዝናም የሚበዛበት፣ የቡናና የደን አገር ነው። በመከር ጊዜ የተለቀመው ቀይ ቡና በዚያው ቀን ወደ መፈልፈያው ካልደረሰ በጆንያው ውስጥ ይሞቅና ይቦካል፤ የገበሬው የዓመት ድካምም በአንድ ሌሊት ዋጋው ይወድቃል። ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ቦንጋ ሆስፒታል የምትደርሰውም መኪናው ሲነሣ ነው። ባለበቅሎ ማታ ጭነቱን አራግፎ የበቅሎይቱን ጀርባ ሳያይ አያድርም፤ ባለመኪናም እንደዚሁ ሊሆን ይገባዋል።

1ኛ፤ ስለ ዘይት

የዘይት ሥራ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ማድረግ ብቻ አይደለም። ሙቀትን ይወስዳል፤ ጥላሸትንና የብረት ትቢያንም ሰብስቦ ወደ ፊልትሮ ያደርሳል። ስለዚህ ዘይት ስለ ጠቆረ ብቻ ተበላሸ አይባልም፤ ይልቁንም በናፍጣ ሞተር ውስጥ አዲሱ ዘይት ስንኳ በጥቂት ቀን ይጠቁራል።

በየሳምንቱ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ መለኪያው ዘንግ ይወጣል፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ እንደ ገና ገብቶ ይታያል። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል ሊሆን ይገባል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ የታየ እንደ ሆነ ውሃ ገብቶበታልና ሞተሩ ፈጽሞ አይነሣ፤ ባለሙያ ይጠራ።

አምራቹ የወሰነው ልክ በመጽሐፉ ከሌለ፣ ለአሮጌ ሞተር በየ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየስድስት ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው፣ ዘይቱን ከፊልትሮው ጋር መለወጥ መልካም ነው። ሞተሩ ጥቂት እንዲሞቅ ተደርጎ ይጠፋል፤ ከሥር ሣህን ይቀመጣል፤ የማፍሰሻው ብሎን ተፈትቶ ዘይቱ ይወርዳል። አዲሱ ፊልትሮ በጎማው ከንፈር ላይ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ኃይል ብቻ ይጠበቃል። ብሎኑ ከታሰረ በኋላ አዲሱ ዘይት ይሞላል፤ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ከጠፋ በኋላም ልኩ ዳግመኛ ይታያል።

የተቀዳው አሮጌ ዘይት በሜዳ ወይም በወንዝ አይደፋ። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ የገባ ነው፤ ሕዝቡም ከምንጩ ይጠጣል። ዘይቱ በጀሪካን ተከድኖ ይቀመጥና ለሚቀበል ጋራዥ ይሰጥ።

2ኛ፤ ስለ ራዲያተር ውሃ

እንደ ቦንጋ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ በመያዝ መፍያውን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጎማው የደከመ ክዳን፣ ዋጋው ትንሽ ሲሆን፣ ትልቅ ሞተር ያቃጥላል። ክዳኑ በሙቀት ጊዜ አይከፈት፤ ፍል ውሃው ፊትን ይልጣል። የወንዝ ውሃ ዝቃጭ ስለሚተው ንጹሕ ውሃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ቢገባ ዝገትን ይከለክላል። የፓምፑ ቺንጋ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ልክ ነው፤ ከተሰነጣጠቀ ግን ይለወጥ።

3ኛ፤ ስለ አየርና ስለ ነዳጅ

በበጋ የጥርጊያ መንገድ አቧራ የአየሩን ፊልትሮ ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ነዳጅ ያበዛል፤ ጥቁር ጢስም ያወጣል። የወረቀቱ ፊልትሮ በቀስታ ተመትቶ ይራገፋል፤ በውሃ አይታጠብም።

በናፍጣ ሞተር ደግሞ ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። የነዳጁ ማጠራቀሚያ ጎደሎ ሆኖ ባደረ ጊዜ እርጥብ አየር በውስጡ ወደ ውሃ ይለወጣልና ማታ ሞልቶ ማሳደር ይሻላል። ከነዳጁ ፊልትሮ ሥር ያለችው ብሎንም በየጊዜው ተላልታ ውሃው ይውረድ። በቤንዚን ሞተር ካንዴላውን መመልከት ብዙ ያስተምራል። ጫፉ ነጣ ያለ ቡናማ ከሆነ ሥራው መልካም ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፤ ዘይት ካረጠበው ግን ሞተሩ በውስጥ ደክሟል።

4ኛ፤ ስለ ባትሪ

የ12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ባረፈ ጊዜ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ክዳን ያለው ከሆነ ውሃው ሰሌዳዎቹን ይሸፍን፤ የሚጨመርበትም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። በጫፎቹ ላይ የሚበቅለው ነጭና አረንጓዴ ዝገት በሙቅ ውሃና በብሩሽ ይጠረግ፤ ከደረቀ በኋላ ግራሶ ይቀባ። ሲፈታ አስቀድሞ ኔጋቲቩ፣ ሲታሰር በመጨረሻ ኔጋቲቩ ይሁን። ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳልና ሲጋራና እሳት አይቅረቡ።

5ኛ፤ ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ

የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበትን ይስባል፤ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና ፍሬኑ በእግር ሥር ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። በክዳኑ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ የተጻፈውን ማየት ይገባል። ጎደለ ብሎ የሞተር ዘይት መጨመር ግን ጎማዎቹን አሳብጦ ሰውን የሚገድል ስሕተት ነው። ልኩ ከቀነሰ ወይ ሸራው አልቋል፤ ወይ የሚያፈስ ሥፍራ አለ።

ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑን ደጋግሞ በቀስታ በመርገጥ ማድረቅ፣ ጭቃውንም አጥቦ በግራሶ መግቢያዎች ሁሉ አዲስ ግራሶ መምታት ያስፈልጋል። የጎማ ንፋስ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር የደረሰ ጎማ ሊጣል ይገባዋል፤ ለጭቃ መንገድ ግን ከዚያ አስቀድሞ መለወጥ ይበጃል።

6ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ

በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ብሎኬት በድንገት ይፈረካከሳልና ድጋፉ ወፍራም ግንድ ወይም የብረት መቆሚያ ይሁን። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አይነሣ፤ ጢሱ ሳይሸት ይገድላል። ነዳጅ በአፍ ተስቦ አይቀዳ። ቡና ሽታን ስለሚስብም የነዳጅ ጀሪካን ከቡና ጆንያ ጋር አይጫን። መሪውን፣ የፍሬኑን ሲሊንደርና የናፍጣውን ፓምፕ መፍታት የቤት ሥራ አይደለምና ለባለሙያ ይተው።

7ኛ፤ ስለ ደብተር

ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይኑር፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተጨመረውና የተለወጠው ሁሉ ይጻፍበት። በ1,000 ኪሎ ሜትር ሩብ ሊትር ዘይት ይጨርስ የነበረ ሞተር አንድ ሊትር መጨረስ ቢጀምር ደብተሩ ከመካኒኩ አስቀድሞ ይናገራል፤ ባለመኪናውም በመከር መካከል ሳይሆን በክረምት፣ ሥራ በቀለለ ጊዜ ያሳድሰዋል። የመሥሪያ ቤት መኪና በእጃቸው ያለ ሹማምንት ይህን ደብተር በየወሩ መጨረሻ አስቀርበው ቢመለከቱና ቢፈርሙበት፣ ነጂውም ይተጋል፤ የመንግሥትም ገንዘብ ይድናል።