መብራቱ ቢጠፋም ሽቦው አይተኛም

የዛሬው ንግግራችን ሰው ሲያልፍ በራሱ ስለሚበራ፣ ሰው ሲርቅ በራሱ ስለሚጠፋ መብራት ነው። መሣሪያው በዕብራይስጥ «ጋላይ ትኑዓ» ይባላል፤ እንቅስቃሴን የሚያውቅ ማለት ነው።

ሐይፋ በቀርሜሎስ ተራራ ተዳፋት ላይ የተሠራች ስለሆነች ደረጃዋ ብዙ ነው። ሽማግሌም ሆነ ልጅ ያዘለች እናት ማታ በጨለማ ማብሪያ ከመዳበስ በዚህ መሣሪያ ይድናሉ። ችግር የሚመጣው ገዝተን ራሳችን ለመግጠም ስንነሣ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው ከሰው ገላ የሚወጣውን፣ ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር ይከታተላል። ሰው ሲንቀሳቀስ ለውጡን ያውቅና ኮረንቲውን ወደ አምፖሉ ይለቃል። ለዚህም ቀንና ሌሊት ንቁ መሆን አለበት፤ የተኛ ዘበኛ ቤት አይጠብቅምና። ስለዚህ አምፖሉ ጨልሞ ሳለ እንኳ ወደ መሣሪያው የሚገባው ሽቦ 230 ቮልት እንደያዘ ነው። «መብራቱ ጠፍቷል» ብሎ የሚነካው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የእስራኤል የኤሌትሪክ ሕግም ፈቃድ የሌለው ሰው የኤሌትሪክ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። «ሐሽማላይ ሙስማኽ»፣ ማለትም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥሩ፤ ፈቃዱንም («ሪሺዮን») እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ነውር የለውም። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አስቀድማችሁ አከራዩን፣ ደረጃው የጋራ ከሆነ «ቫዓድ ባይት»ን አስፈቅዱ።

ባለሙያው መጀመሪያ ኃይሉን ከ«ሉዓሕ ሐሽማል» ያጠፋል፤ ሽቦው ኮረንቲ እንደሌለውም በመሣሪያ ይፈትሻል። በቀለሙ ብቻ አይተማመንም። ዛሬ ቡናማው ኮረንቲ የሚያመጣው፣ ሰማያዊው የመመለሻው፣ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ነው፤ በአሮጌ ቤቶች ግን ቀለሙ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለእናንተ የሚቀረው ቀላል ነው። መሣሪያው ከማሞቂያ ወይም ነፋስ ከሚያወዛውዘው ዛፍ ፊት ለፊት እንዳይሰቀል ንገሩት፤ ያለ ሰው ይበራልና። መብራቱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይና በምን ያህል ጨለማ እንደሚበራ የሚወስኑትን ቁልፎች እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ሰንበትን የምታከብሩ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። በመሣሪያው ፊት ስታልፉ መብራቱን የምታበሩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ዓርብ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት የምታጠፉት የተለየ ማጥፊያ እንዲያስገባላችሁ ለባለሙያው ንገሩት።

በ«ሉዓሕ ሐሽማል» ውስጥ «ማፍሴክ ፓሓት» መኖሩንም አስመርምሩ። ኮረንቲ በሰው ገላ አልፎ ወደ መሬት ሲፈስ ኃይሉን በቅጽበት ይቆርጣል። የመፈተሻ ቁልፉን ስትጫኑ ኃይሉ ካልጠፋ ባለሙያ ጥሩ። ሁለቱን ሽቦዎች በአንድ ጊዜ የያዘን ሰው ግን እርሱም ላያድነው ይችላል።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትንኩ፤ እናንተንም ይይዛችኋል። መጀመሪያ ኃይሉን አጥፉ፣ ከዚያ ወደ 101 ደውሉ። ኃይሉ የሚጠፋበትን ቦታ ልጆችም ሽማግሌዎችም ዛሬውኑ ይወቁት።

ደህና ሰንብቱ።