«በምን ልይህ?» የጭቃ ሞተሬን ለአስፋልትና ለረጅም መንገድ ሳዘጋጅ የተማርኩት

አመሻሽ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከኋላዬ ተፈናጦ ወደ አዳማ ከተማ እየገባን ነበር። ከፊታችን የፈረስ ጋሪ ድንገት መንገዱን ሲያቋርጥ ፍሬን ያዝኩ። ከኋላችን የነበረው የጭነት መኪና ግን መቆማችንን አላወቀም። ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲንጫጫ ስሰማ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት፤ ተያይዘን ቦይ ውስጥ ገባን። የወንድሜ ጉልበት ተላጠ። ሹፌሩ ወርዶ ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦

«ወንድሜ፣ መብራት የለህ፣ ፍሬቻ የለህ፤ በምን ልይህ?»

መልስ አልነበረኝም።

ሞተሯ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ገጠር ውስጥ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሲነዷት ያያችኋት ዓይነት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የፊት ጭቃ መከላከያዋ ከጎማው ከፍ ያለ። የዲቲ ዘር የሚጀምረው ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ 1ን ለገበያ ካቀረበበት ጊዜ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ጭቃና ድንጋይ የምትወጣ፣ ግን መብራትና ሰሌዳ ኖሯት መንገድ ላይም የምትሄድ ሞተር። የእኔዋን ግን ከእኔ በፊት የያዟት ልጆች ሜዳ ላይ ሊዘሉባት ሲሉ መብራቷን፣ ፍሬቻዋን፣ ስፖኪዮዋን፣ ጥሩምባዋን ፈተውላታል። ማርሚታዋም ተቆርጦ ስትነሳ ሰፈሩን ታስነሳለች። እኔም «እንዲህ ነው የምታምረው» ብዬ ገዛኋት። ደግሞ ርካሽ ነበረች።

ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። ግን ያኔ ያየሁት የመግዣ ዋጋዋን ብቻ ነበር። መንገድ ላይ በሕግ ለማውጣትና ረጅም ጉዞ ለማስቻል የመግዣዋን ሲሶ የሚያህል ገንዘብ ጨመርኩ። ስለዚህ የጭቃ ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔ በተገላቢጦሽ የሄድኩበትን መንገድ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

ከመፍቻ በፊት ወረቀት

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የጭቃ ሞተር ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ዲቲ ያለችው ስትሠራ ጀምሮ መብራት የነበራት፣ ለመንገድም የታሰበች ናት፤ የተፈታውን መልሶ መግጠም ነው። ለውድድር ብቻ የተሠራ ሞቶክሮስ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ ለመብራት የሚሆን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጥቅል እንኳ የላቸውም፣ ቁልፍ የላቸውም፣ የመንገድ ሰነድም አይከተላቸውም። እሱን መንገድ ላይ ለማውጣት መድከም አይመከርም። በቃ፣ ለሜዳ ይቅር።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬውን ያዙና ቁጭ ብላችሁ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ብረቱ ላይ አንብቡ። ጭቃ ከሸፈነው በጨርቅና በቤንዚን አጽዱት። አንድ ፊደል ከተለየ ተዉት። የጭቃ ሞተር ብዙ ጊዜ ይወድቃል፣ ሞተሩም ይቀየራል፤ የተቀየረ ሞተር ደግሞ ወረቀቱ አብሮ ካልተቀየረ የእናንተ ጣጣ ነው።

ሦስተኛ፣ እነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ በእርዳታ ፕሮጀክት ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ መብቱ ለሌለው ሰው ሲሸጥ ቀረጡ መከፈል አለበት። «ዲክላራሲዮኑ አለ? ቀረጡ ተከፍሏል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ «እሱ ቀላል ነው፣ በኋላ ይጨረሳል» ካለ፣ ቀላል ከሆነ እሱ ይጨርሰው። ውሉን ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ተፈራረሙ፤ ከዚያ ስም ማዛወር።

ከዚያ ቦሎ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ማንኛውም ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ለመውጣት መመዝገብና መመርመር እንዳለበት ይደነግጋል። የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድም እንዲሁ። አዲስ አበባ የምትኖሩ ደግሞ ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ብስክሌቶችን አግዳ በኋላ በልዩ ፈቃድ እንደፈቀደች አስታውሱና ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

እነዚህን ሁሉ «ገንዘብ መብያ» እል ነበር። ያን ምሽት ያ መኪና ቢገጨን ኖሮ ስሜ የሌለበት ሊብሬ፣ ያለፈበት ቦሎና መድን የሌላት ሞተር ይዤ ነበር ሆስፒታል የምገኘው።

መብራቱ

ሞተሯን ገፍቼ የወሰድኩላቸው መካኒክ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

«አንተ ልጅ፣ ይቺን በማታ ነድተሃታል?»

«አዎ ጋሼ።»

«እግዜር ይወድሃል ማለት ነው። ሁለተኛ ግን አትሞክረው።»

የተቆረጠውን ሽቦ ለመቀጣጠል አልፈለጉም፤ ከቁልፉ ጀምሮ አዲስ ዘረጉ። በየመስመሩ ፊውዝ አደረጉ። ከሞተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ይደክማል፣ ሲጮህ ይጨምራል፤ ስለዚህ የሚያስተካክለው ሬጉሌተርና ባትሪ ያስፈልጋል። የእኔዋ ሬጉሌተሯ ተቃጥሎ ነበር። ያለ እሱ አዲስ አምፖል መግጠም አምፖል ማቃጠል ነው።

የገጠምነው ይኸው ነው፦ ረጅምና አጭር ያለው የፊት መብራት፣ የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራት፣ አራት ፍሬቻ፣ ጥሩምባ፣ ሁለት ስፖኪዮ፣ የሰሌዳ መብራት፣ የኋላ አንጸባራቂ። ማርሚታውም በትክክለኛው ተቀየረ። መብራቶቹን ኤልኢዲ አደረግናቸው፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚበሉ ለደካማ ጥቅል ይስማማሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፍሬቻውን ኤልኢዲ ስታደርጉ የድሮው ማብለጭለጫ እንደ ዕብድ ቶሎ ቶሎ ያብለጨልጫል፤ የተሠራው ብዙ ለሚበላ አምፖል ስለሆነ ነው። የኤልኢዲ ማብለጭለጫ ግዙ፣ ያልቃል።

በዚህ ሁሉ ተኩራርቼ ምርመራ ሄድኩ፤ ወደቅኩ። የፍሬን መብራት ሁለት ማብሪያ አለው፦ አንዱ በእጅ ፍሬኑ፣ ሌላው በእግር ፍሬኑ። እኔ የሞከርኩት የእጁን ብቻ ነበር። የእግሩ ገመድ ላልቶ አይበራም። ለማስተካከል የፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። ያን ምሽት ቦይ ውስጥ የከተተን ደግሞ ይኸው አንድ መብራት አለመኖሩ ነው።

ጎማና ጥርስ

ባለ ትልልቅ ጥርስ የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ የሚነካው ትንሽ ነው። በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል፣ ቶሎ ያልቃል፣ መሪውም እጃችሁን ያደነዝዛል። የፊቱ 21፣ የኋላው 18 ቁጥር ስለሆነ ለሁለቱም የሚሆን፣ ጥርሱ አነስ ያለ ጎማ ገጠምኩ። ከመነዳሪውንም አብሬ ቀየርኩ፤ አዲስ ጎማ ውስጥ አሮጌ ከመነዳሪ መክተት ቁጠባ አይደለም።

የጭቃ ሞተር ጉልበት እንዲኖራት ማርሿ አጭር ነው፤ አስፋልት ላይ በ70 ስትሄዱ ሞተሩ ይጮሃል። የፊተኛውን የካቴና ጥርስ ከ15 ወደ 16 ቀየርኩት። በዚያው ፍጥነት የሞተሩ ዙር 6 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ለስድስት ሰዓት መንገድ ግን ጆሮም ቤንዚንም ይቆጥባል። ዳገት ላይ ትንሽ ጉልበት ታጣላችሁ፣ ይኼን አስቀድማችሁ እወቁ።

ከአዳማ እስከ ዶርዜ

ወንድሜ የሚማረው አርባ ምንጭ ነው። ቦይ ውስጥ በገባን ማግስት ጉልበቱን በፋሻ አስሮ «ከአሁን በኋላ ካንተ ጋር ሞተር ላይ አልወጣም» ብሎኝ ነበር። እኔም «አስተካክዬ እመጣለሁ፣ ዶርዜ ይዤህ እወጣለሁ» አልኩት። ቃል ነው።

ከአዳማ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ፣ በሀላባና በሶዶ አርባ ምንጭ ድረስ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ታንከሯ 9 ሊትር ገደማ ይይዛል። ብቻዬን ስሄድ በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ሁለት ስንሆን 20። ስለዚህ ከ180 እስከ 225 ኪሎ ሜትር። ይኼ ግን እስክትጠፋ ድረስ ነው። የእኔ ሕግ ግማሽ ሲደርስ መቅዳት ነው፤ ወረፋም አለ፣ አልቋልም ይባላል፣ በጀሪካንም አይቀዱላችሁም። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ደግሞ ስልካችሁ ከሞተ ቤንዚን የለም። ለዚህ ብዬ ከባትሪው በራሱ ፊውዝ የስልክ ቻርጀር አስገጠምኩ። መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጠው ተጠንቀቁ፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

የያዝኩት ዕቃ፦ አንድ አንድ ከመነዳሪ፣ የጎማ መፍቻና መንፊያ፣ ሁለት ካንዴላ፣ የካቴና ማያያዣ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ፊውዝ፣ ሽቦና ፕላስተር፣ አንድ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። ዲቲ ዘይቷን ከራሷ ትንሽ ታንከር እየመጠጠች ስለምታቃጥል፣ ያ ካለቀ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ቤንዚን በቀዳችሁ ቁጥር ዘይቱንም እዩ። ሻንጣውን ዝቅ አድርጋችሁ ወደ መሃል እሰሩ፤ ከኋላ ከፍ ብሎ ከታሰረ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አይታዘዝም። ጭነት ከጫናችሁ በኋላ የካቴናውን ላላነት፣ የጎማውን ንፋስና የፊት መብራቱን አቅጣጫ እንደገና አስተካክሉ። ጭነት ኋላን ሲጫን መብራቱ ወደ ላይ ያይና ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል።

መንገዱን በቀን ብቻ ነው የሄድኩት። ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ጋሪ፣ አህያ፣ ባጃጅ፣ ከብት ሁሉም መንገዱን ይጋራል። አልቸኮልኩም፤ ሶዶ አድሬ በማግስቱ አርባ ምንጭ ገባሁ።

ወንድሜ ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰላም ሳይለኝ ወደ ኋላዋ ዞረ። «ያዘው» አለኝ። የእጁን ያዝኩ፤ በራ። «የእግሩን።» በራ። ከዚያ ሄልሜቱን ተቀብሎ አጠለቀ።

አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዶርዜ በላይ ያለችው ጨንቻ ደግሞ 2,700 አካባቢ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የሞተር ጉልበት በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ይቀንሳል፣ ካርቡሬተር ያላት ሞተርም ቤንዚን ይበዛባትና ትታፈናለች። እኛም ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ወጣን። ኮረኮንቹ ላይ ግን የጭቃ ሞተር ለምን እንደተሠራች ገባኝ። ስንወርድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ፦ ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይት የሚያገኘው ነዳጅ ሲሰጠው ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ዘግታችሁ በማርሽ ብቻ ከያዛችኋት ሳይቀባ ይዞራል። በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ትንሽ ነዳጅ ስጧት፤ ዋናውን ሥራ ፍሬኑ ይሥራ።

አርባ ምንጭ አስፋልት ላይ ስንደርስ መሸት ብሎ ነበር። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ሲከተለን በስፖኪዮ አየሁት። ፍሬን ነካ አደረግኩ። እሱም ቀነሰ፣ ርቀቱን ጠብቆ ተከተለን፣ ፍሬቻ አሳይቶ አለፈን። ወንድሜ ከኋላ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«አየን» አለኝ።