ኤዲተሩ ሜሞሪ ሲበላ፦ ምክንያቱን የማግኛ መንገድ

የቴክስት ኤዲተር ዋና ሥራ ፋይል ከዲስክ አንብቦ በስክሪን ማሳየት፣ የሚጻፈውን መቀበልና መልሶ ማስቀመጥ ነው። ሥራው ይህን ያህል ጠባብ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ሜጋባይት የማይሞላ ፋይል የተከፈተበት ኤዲተር ከአንድ ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ ይዞ መገኘቱ የተለመደ ሆኗል። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ብሮውዘርና ዳታቤዝ ከተጨመሩበት ራሙ ይሞላል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ከራም የተረፈውን ወደ ዲስክ ማዛወር ይጀምራል። ያኔ የተጫኑት ፊደል በስክሪን ላይ እስኪታይ መጠበቅ ይመጣል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ኤዲተሩን ዘግቶ ይከፍተዋል። ችግሩ ለጊዜው ይሰወራል፣ መንስኤው ግን ባለበት ይቆያል።

ለምርመራው ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያስተዋወቀው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ፣ በአጭሩ ቪኤስ ኮድ ነው። ይህ ኤዲተር የተገነባው በኤሌክትሮን ላይ ነው። ኤሌክትሮን መጀመሪያ የተሠራው በጊትሃብ ሲሆን፣ የታሰበውም በ2022 መጨረሻ ላይ ለተቋረጠው አተም ለተባለ ኤዲተር ነበር፤ የክሮሚየም ብሮውዘርንና ኖድ ጄኤስን አንድ ላይ ያጣምራል። ቪኤስ ኮድ ሲከፈት እንግዲህ አንድ ብሮውዘር አብሮ ይከፈታል ማለት ነው። ከዋናው ፕሮሰስ ሌላ መስኮቱን የሚያሳይ፣ ግራፊክሱን የሚሠራ፣ ኤክስቴንሽኖችን የሚያስኬድ፣ የፋይል ለውጥ የሚከታተል እያለ የየራሱ ፕሮሰስ ይነሣል። ባዶ መስኮት ብቻ ሲከፈት እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት የሚወሰደው በዚህ የተነሣ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ኤዲተሩ በዚህ መንገድ በመሠራቱ የሚከፈል ዋጋ ነው። መመርመር ያለበት ከዚህ በላይ ያለው ነው።

ከሁሉ በፊት አሃዙ ራሱ በትክክል መነበብ አለበት። በሊኑክስ ላይ ቶፕ የተባለው ፕሮግራም ቪርት በሚለው ዓምድ ለኤሌክትሮን ፕሮሰሶች ከ1 ቴራባይት በላይ ሊያሳይ ይችላል። ይህ ለአድራሻ የተከለለ ቦታ እንጂ በእርግጥ የተያዘ ራም ስላልሆነ ሊያስደነግጥ አይገባም። ሬስ የሚለው ዓምድ ለእውነቱ ይቀርባል፤ ይሁንና የሁሉንም ፕሮሰሶች ሬስ መደመር ያሳስታል፤ ፕሮሰሶቹ በጋራ የሚጠቀሙበት ሜሞሪ በእያንዳንዳቸው ላይ እየተደገመ ይቆጠራልና። ሊኑክስ የጋራውን ሜሞሪ ለተጋሪዎቹ አካፍሎ የሚያሰላ ፒኤስኤስ የተባለ ሌላ መለኪያ አለው፤ ለድምር የሚታመነው እሱ ነው። በዊንዶውስም የአንድ ፕሮሰስ የግል ይዞታ ከጋራው ተለይቶ መታየት አለበት።

ቪኤስ ኮድ ራሱ ሄልፕ በሚለው ሜኑ ሥር ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር የሚባል መሣሪያ ይዟል። እያንዳንዱን ፕሮሰስ በሥራው ስም እየጠራ የያዘውን ሜሞሪ በሜጋባይት ስለሚያሳይ፣ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዝርዝር ይልቅ ለምርመራ ይመቻል። በዚያ ዝርዝር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጎልተው የሚታዩት ኤክስቴንሽን ሆስት የሚባለው ፕሮሰስና ላንጉዌጅ ሰርቨሮች ናቸው። ላንጉዌጅ ሰርቨር የኮዱን ትርጉም የሚያውቀው ክፍል ነው፤ የአንድ ፈንክሽን ስም ሲጻፍ ቀሪውን የሚጠቁመውና ስሕተት ሲኖር ቀይ መስመር የሚያሰምረው እሱ ነው። ይህን ለማድረግ የተከፈተውን ፋይል ብቻ ሳይሆን ፕሮጀክቱን በሙሉ፣ ከላይብረሪዎቹም የሚያስፈልገውን አንብቦ በሜሞሪ ይይዛል።

የታይፕስክሪፕት ሰርቨር ጥሩ ምሳሌ ነው። በቪኤስ ኮድ ውስጥ የሜሞሪ ጣሪያው ሳይነካ 3072 ሜጋባይት ነው። ሰርቨሩ ጣሪያው ላይ ደርሶ ሲወድቅ የብዙዎች መፍትሔ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ነው። ፕሮጀክቱ በእርግጥ ትልቅ ከሆነ ትክክል ነው፤ ካልሆነ ግን ሰርቨሩ ማንበብ የሌለበትን ምን እያነበበ እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል። በማሽን የተመረተ ኮድ የሚገባበት ፎልደር በፕሮጀክቱ ማዋቀሪያ ፋይል ካልተገለለ፣ ሰርቨሩ ሰው የጻፈውንም ማሽን ያመረተውንም አንድ ላይ ሊጭን ይችላል። አንድ መስመር የማግለያ ትእዛዝ አንዳንዴ ከአዲስ ራም የበለጠ ይጠቅማል።

የፋይል ለውጥ ክትትል ደግሞ ከዓይን የሚሰወር ወጪ አለው። ሊኑክስ ለሚከታተለው ለእያንዳንዱ ፋይል ወይም ፎልደር በ64 ቢት ማሽን ላይ 1080 ባይት ገደማ ይይዛል። የክትትሉ ገደብ ወደ 524,288 ከፍ ተደርጎ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ከዋለ፣ የሚያዘው ሜሞሪ 540 ሜጋባይት ይደርሳል። ይህ ሜሞሪ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት በሆነው በከርነሉ ሥር ስለሆነ በኤዲተሩ ፕሮሰሶች ላይ አይመዘገብም። የሁሉም ፕሮሰሶች ድምር ከጠፋው ራም ጋር አልገጥም ሲል ሊጠረጠር የሚገባው አንዱ ቦታ ይኸው ነው።

ጥርጣሬው ወደ ኤክስቴንሽን ሆስት ካመራ፣ ችግሩ በርካታ ኤክስቴንሽኖች በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ አብረው መኖራቸው ነው፤ ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር የጋራ ድምራቸውን እንጂ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ አይነግርም። መጀመሪያ ኤዲተሩ ያለ ምንም ኤክስቴንሽን ተከፍቶ ይታያል። ሜሞሪው ከወረደ ጥፋቱ ከኤክስቴንሽኖቹ በአንዱ ዘንድ ነው ማለት ነው። ከዚያ ኤክስቴንሽን ባይሴክት የሚባለው ትእዛዝ ግማሾቹን እያጠፋ ችግሩ አለ ወይስ የለም ብሎ ይጠይቃል፤ በእያንዳንዱ መልስ ተጠርጣሪዎቹ በግማሽ ይቀንሳሉ። 32 ኤክስቴንሽን ቢኖር አምስት ዙር ገደማ ይበቃል። አንድ በአንድ እያጠፉ ከመድከም ይህ እጅግ ይሻላል።

ጥፋቱ ከጽሑፉ አያያዝ የሚመነጭበት ጊዜም አለ። አንድ የቪኤስ ኮድ ተጠቃሚ 35 ሜጋባይት የሆነ ፋይል አልከፈትም አለው። ፋይሉ 13.7 ሚሊዮን መስመሮች ነበሩት። ኤዲተሩ በዚያን ጊዜ ለእያንዳንዱ መስመር ከ40 እስከ 60 ባይት የሚፈጅ ኦብጀክት ይፈጥር ስለነበር፣ መስመሮቹን ለመያዝ ብቻ 600 ሜጋባይት ያህል ይወስድ ነበር፤ ከፋይሉ 17 እጥፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኤዲተሩ ሠሪዎች አሠራሩን ከሥሩ ለወጡት። ከዲስክ የተነበበው ጽሑፍ ሳይቆራረጥ በትልልቅ ክፍሎች ይቀመጣል፤ አዲስ የተጻፈው ለብቻው ይያዛል፤ የሰነዱ ቅደም ተከተል ደግሞ ከየትኛው ክፍል ከየት እስከ የት እንደሚወሰድ በሚናገር ዛፍ ይመዘገባል። ከዚህ በኋላ ፋይሉ ሲከፈት የሚያዘው ሜሞሪ ከፋይሉ መጠን ጋር ተቀራረበ። ይህ ታሪክ አንድ ፋይል ሲመረመር መጠኑን ብቻ ሳይሆን የመስመሮቹንም ብዛት ማየት እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

የፊደሉ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በዩቲኤፍ 8 የተቀመጠ አንድ የግዕዝ ፊደል በዲስክ ላይ 3 ባይት ይይዛል። ጃቫስክሪፕትን የሚያስኬደው ቪ8 ግን በሜሞሪ ውስጥ በ2 ባይት ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ በሜሞሪ ውስጥ ከዲስኩ ያነሰ ቦታ ሊይዝ ይችላል። በላቲን ፊደል ብቻ የተጻፈ ጽሑፍ በአንጻሩ በፊደል 1 ባይት ይበቃዋል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባ ግን ክፍሉ በሙሉ ወደ 2 ባይት ይሸጋገራል።

ከሁሉም አስቸጋሪው ሜሞሪ ሊክ፣ ማለትም የማይፈለግ ሜሞሪ ሳይለቀቅ መቅረቱ ነው። ቪ8 የማይፈለግ ኦብጀክትን በራሱ ጊዜ እየጠረገ ስለሚሄድ፣ የሜሞሪው አሃዝ ወጣ ገባ ማለቱ ጤናማ ነው። አጠራጣሪ የሚሆነው ከእያንዳንዱ ጠረጋ በኋላ ዝቅተኛው ነጥብ ከቀድሞው ከፍ እያለ ሲሄድ ነው። አንድ ኤክስቴንሽን ፋይል በተከፈተ ቁጥር አድማጭ ፈንክሽን ይመዘግባል እንበል። ፋይሉ ሲዘጋ ምዝገባውን ካልሰረዘ፣ አድማጩ ሰነዱን እንደያዘ ይቀራል፤ ጠራጊውም አሁንም የሚፈለግ መስሎት ያልፈዋል።

ይህን ለመያዝ የሂፕ ስናፕሾት፣ ማለትም በሜሞሪ ውስጥ ያሉት ኦብጀክቶች የቅጽበት ምስል ይነሣል። አንድ ስናፕሾት ተነሥቶ፣ ያው ፋይል 7 ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቶ፣ ሌላ ስናፕሾት ይነሣና ሁለቱ ይነጻጸራሉ። 7 የሚመረጠው በአጋጣሚ እምብዛም የማይገጥም ቁጥር ስለሆነ ነው፤ በትክክል 7 ወይም 14 ቅሪት የተወ የኦብጀክት ዓይነት ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ከዚያም በስናፕሾቱ ማሳያ ላይ ሪቴነርስ የሚለው ክፍል ያን ኦብጀክት ማን እንደያዘው ሰንሰለቱን ተከትሎ ያሳያል። ሰንሰለቱ የኤክስቴንሽኑ የራሱ ፋይል ላይ ካደረሰ መንስኤው ተገኘ ማለት ነው።

ለኤክስቴንሽኑ ሠሪ ችግሩ ሲገለጽ የፕሮሰሶቹ ዝርዝር፣ ያለ ኤክስቴንሽን የታየው ልዩነት፣ የፋይሉ መጠንና የመስመር ብዛት፣ ችግሩን እንደገና የሚፈጥሩት እርምጃዎች አብረው ይላኩ። ስናፕሾቱ ግን በሜሞሪ ውስጥ የነበረውን ጽሑፍ ሁሉ፣ ኮዱንም የይለፍ ቃሉንም፣ ይዞ ሊወጣ ስለሚችል ማንም በሚያየው ቦታ ላይ መለጠፍ የለበትም።