አዳዲ ማርያም፣ በቡታጅራ መንገድ የምትታለፈው ውቅር

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛ፣ ልቡ አስቀድሞ በጢያ ትክል ድንጋዮች ላይ ያረፈ በመሆኑ፣ በመልካ ቁንጡሬ አካባቢ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለውን መንገድ ልብ ሳይል ያልፋል። ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980፣ መልካ ቁንጡሬም በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋልና የሚሰጣቸው ክብር ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ውቅሯ ቤተ ክርስቲያን አዳዲ ማርያም፣ በኦሮሚያ ምድር ብትገኝም ለሶዶና ለቡታጅራ ሕዝብ የቅርብ ጎረቤት ሆና ሳለች፣ ስሟ ከእነርሱ ጋር አለመነሣቱ ያሳዝነኛል።

ትውፊት የተፈለፈለችበትን ዘመን ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል፤ ንጉሡ ወደ ዝቋላ በመጣ ጊዜ አሠራት ይባላል። በላስታ አምሳል ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ከሚታወቁት መካከል ወደ ደቡብ እጅግ ርቃ የምትገኘው እርሷ ናት።

ብዙ ሰው ግን አበው የተፈጥሮ ዋሻ አግኝተው ታቦት ያስገቡበት ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ነገር የሚነገረው ለይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዚያ ዋሻው ቀድሞ ነበረ፣ ቤተ መቅደሱም በእንጨትና በድንጋይ በውስጡ ታነጸ። በአዳዲ ግን አስቀድሞ የነበረው ዐለት ብቻ ነው። ጠራቢዎቹ ከላይ ጀምረው ዙሪያውን እየቦረቦሩ ወረዱ፤ የቀረውንም ዐለት እንደ ገበቴ ከውስጥ ፈለፈሉት፤ ስለዚህ ግንበኛ መጨረሻ የሚያደርሰው ጣራ ለእነርሱ የመጀመሪያ፣ ግንበኛ የሚጀምርበት ወለል ደግሞ የመጨረሻ ሥራ ሆነ። ግንበኛ የጠመመ ድንጋይ ቢያገኝ አውጥቶ ሌላ ይተካል፤ ጠራቢው ግን አንድ ጊዜ ከመታ በኋላ የሚመልሰው የለም፤ ዓምዱም የሚቆም ሳይሆን ሳይነካ የሚቀር ነውና፣ ገና ዶማው ሳይነሣ የት እንደሚቀር በአእምሮው ተስሎ መታየት ነበረበት። ይህን ሁሉ ንድፍ በአእምሮ ይዞ በጨለማ ውስጥ መውረድ ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ የማያስብ ሰው፣ አዳዲን አይቻለሁ ቢል አላምነውም።

አንድ ጊዜ አብሮኝ የሄደ የወልቂጤ ግንበኛ፣ ግድግዳውን በጣቱ እየዳሰሰ መጋጠሚያ ሲፈልግ ቆይቶ፣ «አባ፣ ኖራው የታለ?» ብሎ አንድ አረጋዊ ካህን ጠየቀ። ካህኑም፣ «ልጄ፣ ያልተለያየ ነገር ምን ይጋጠማል?» አሉት።

ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚከበው ሰፊ ዋሻማ መተላለፊያ በጎኑ ገዳማውያን ይቀመጡባቸው የነበሩ ትንንሽ ክፍሎች አሉት፤ አስጎብኚው ካላሳየዎ ጠይቀው ይዩአቸው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልገሥጽ። ጣራው ከመሬቱ ጋር የተስተካከለ ስለሆነ፣ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚወጡበት አሉ፤ ከሥራቸው ያለው መቅደስ መሆኑን የዘነጉ ይመስለኛል። ለስላሳ ዐለት ላይ ስም መጫር፣ ጧፍም ከግድግዳ አስጠግቶ ማብራት እንዲሁ የማይገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስዊዘርላንድ ርዳታ የተደረገላት ጥገና፣ ዐለቱ የማያረጅ አለመሆኑን ያስረዳል።

ጫማዎን ያውልቁ፤ ሴቶችም ነጠላ ይያዙ። ማሕሌትና ቅዳሴ ለሚሹ ወር በገባ በ21 የእመቤታችን መታሰቢያ ነውና ያን ቀን ይምረጡ፤ የጠራቢውን እጅ በጥሞና ለመመልከት የሚሹ ግን፣ ሕዝብ በማይበዛበት በሌላ ቀን ይሂዱ።