ድምፃቸውን ራሳቸው የቀዱ ሁለት ልጆች

ማንበብና መጻፍ ከመቻላችሁ በፊት ደብዳቤ እንዴት ታስጽፉ እንደነበር አስታውሱ። ፊደል የቆጠረ ሰው ዘንድ ትሄዳላችሁ። እናንተ የልባችሁን ትናገራላችሁ፤ እሱ በራሱ ቃል ይጽፋል። ከተናገራችሁት ግማሹን ይተወዋል። ያላላችሁትንም ይጨምርበታል። ደብዳቤው በስማችሁ ይሄዳል፤ ቃሉ ግን የእናንተ አይደለም።

የራዲዮን ወሬም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ጋዜጠኛ ከሌላ ስፍራ ይመጣል፤ ያያል፤ ይጠይቃል፤ ተመልሶ ያወራል። የቦታው ሰው ራሱ ሲናገር የሚሰማው ለጥቂት ጊዜ ነው። ልጅ ከሆነማ ማን ይጠይቀዋል? ዛሬ የምንነግራችሁ መቅረጸ ድምፁን ራሳቸው ስለያዙ ሁለት ልጆች ነው።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ አገር፣ ቺካጎ በምትባል ትልቅ ከተማ ነው። በከተማዋ ደቡብ በኩል አይዳ ቢ. ዌልስ የሚባል የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ነበር። ሰፈሩ የተሰየመው በባርነት ተወልዳ ኋላ ጋዜጠኛ በሆነች ጥቁር ሴት ስም ነው። የሚኖሩበት ድሆች ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ሥራ የለም፤ ዕፅ በየደጁ ይሸጣል፤ ተኩስ ይሰማል። ስለዚህ ሰፈር ጋዜጣ የሚጽፈው ሰው ሲገደል ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1993 ዴቪድ አይሴይ የሚባል የራዲዮን ሰው ወደዚያ ሄደ። ሁለት ጓደኛሞች አገኘ። ሊአላን ጆንስ 13 ዓመቱ ነው፤ ከሰፈሩ አጠገብ ከአያቶቹ ጋር ይኖራል። ሎይድ ኒውማን 14 ዓመቱ ነው፤ እናቱ በመጠጥ ምክንያት ሞታበት እህቶቹ ያሳድጉታል። አይሴይ መቅረጸ ድምፅና ማይክሮፎን ሰጣቸው። ለ10 ቀን ኑሯችሁን ቅዱ አላቸው።

ማይክሮፎን ማለት ድምፅ የሚቀበል መሣሪያ ነው። አያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአፍ በጣም ከራቀ ቃሉ ይደክማል፤ ከተጠጋ ደግሞ ትንፋሽ ያስቸግራል። አንድ ስንዝር ያህል ይበቃዋል። ነፋስ ሲነፍስ ጀርባን ለነፋሱ መስጠት ነው። ጥያቄም «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚያልቅ መሆን የለበትም። «ያን ጊዜ ችግር ነበር?» ብትሉ ሽማግሌው «ነበር» ብሎ ዝም ይላል። «ያን ጊዜ ምን በላችሁ?» ብትሉት ግን ታሪኩ ይመጣል። የጠየቀ ሰው ዝም ብሎ መስማት አለበት። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።

ከተቀዳው ብዙ ሰዓት ውስጥ መርጦ መቁረጥም ሌላ ሥራ ነው። ለራዲዮን የቀረበው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። በማዘጋጀቱ አይሴይ አብሯቸው ነበር። ትረካው ግን በልጆቹ ድምፅ ነው።

ታዲያ ምን ቀዱ? ሊአላን ቤተሰቡን ጠየቀ፤ የሞቱ ጓደኞቿን እህቱ ስትናገር ቀዳ። ሎይድ ጠጪ ከሆነው አባቱ ጋር ተቀምጦ ስለ መጠጡ ተነጋገረ። ልጅ አባቱን እንዲህ ሲጠይቅ መስማት ቀላል ነገር አይደለም። ቀልድም አለበት፤ በአውቶቡስ መዞርም አለበት። ልጆች ናቸውና ይጫወታሉ።

ይህ ገመናን አደባባይ ማውጣት አይደለም ወይ? የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ዛሬ የተናገረው ነገር ነገ ምን እንደሚያመጣበት አያውቅም። ስለዚህ ከመቅዳት በፊት መጠየቅ፣ የተጠየቀውም እምቢ ቢል መተው ግድ ነው። ይሁንና የሰፈሩ ገመና እኮ ቀድሞም በሌላ ሰው አፍ ይወራ ነበር። የእህቶቹና የአያቶቹ ድካም ነበር ያልተወራው።

በ1994 በዚያው ሰፈር ከባድ ነገር ደረሰ። የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች አንድ የ5 ዓመት ሕፃን ከ14ኛ ፎቅ መስኮት ጣሉት። ከረሜላ ስረቅልን ቢሉት እምቢ ስላለ ነው ተባለ። የ8 ዓመት ወንድሙ ሊይዘው ታግሎ አልቻለም። ከዚያ በደረጃው ሮጦ ወረደ፤ ከታች የምቀልበው መስሎት። ወሬው አገር ለአገር ተሰማ። ሊአላንና ሎይድ ግን መቅረጸ ድምፃቸውን እንደገና አንሥተው የሰፈሩን ሰው ጠየቁ። በሩ የተከፈተላቸው የዚያው ሰፈር ልጆች ስለሆኑ ነው። በ1996 ለራዲዮን የቀረበው ይህ ሥራቸው ፒቦዲ የተባለውን ትልቅ ሽልማት አገኘ። በ1997 ሁለቱ ከአይሴይ ጋር መጽሐፍ አወጡ።

የሰፈሩ ቤቶች ኋላ ፈረሱ። ሊአላን በ2010 ለአሜሪካ ምክር ቤት ተወዳድሮ ነበር፤ አላሸነፈም። ሎይድ በ2022 በ43 ዓመቱ በደም በሽታ ሞተ።

ዛሬ ለመቅዳት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የእጅ ስልክም ይቀዳል። ልጃችሁ ስልኩን ይዞ «አባባ፣ ጎጆ የወጣችሁበትን ዓመት ንገረኝ» ቢላችሁ አትቆጡት። ከፊታችሁ አስቀምጡት። መጀመሪያ ስማችሁን፣ ቀበሌያችሁንና ቀኑን ተናገሩ፤ ኋላ የሚሰማው ሰው ማን እንደሆናችሁ ይወቅ። ራዲዮኑን አጥፉ፤ ሁለት ድምፅ ይደባለቃልና። ዶሮዋን ግን ከደጅ አታባሩ። የቤታችሁ ድምፅ ናት፤ ትቀዳ።