ይቅር ማለት ማለባበስ አይደለም

በአገራችን የተጣሉ ሰዎች በሽማግሌ ፊት ሲታረቁ የሚለዋወጧት ቃል “ይቅር ለእግዜር” የምትል ናት። ብዙዎቻችን ይህችን ቃል ከልባችን ብለናት እናውቃለን፤ ሽማግሌዎቹን አፍረን ያልንበትም ጊዜ አለ። እኔ አፍረው ካሉት ወገን ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ሲበደር ዋስ ሆንኩለት። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ጥሎ ጠፋ። ዕዳው ወደ እኔ ዞሮ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ከደመወዜ ተቆረጠ። ልጆቼን ከለመዱት ትምህርት ቤት አስወጥቼ ክፍያው ዝቅ ወዳለ ቦታ አዛወርኳቸው። ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳኝ ግን ማታ ማታ ስሙን እያነሳሁ ከራሴ ጋር የምገጥመው ሙግት ነበር። በመጨረሻ ሰውየው ተመልሶ ሽማግሌ ላከ። “ይቅር ለእግዜር” ተባባልን፤ ቂሙ ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤት ገባ።

በዚያን ሰሞን ነው የዮሴፍን ታሪክ ከኦሪት ዘፍጥረት እንደገና ያነበብኩት። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንድሞቹ በቅናት ተነሣስተው በ20 ብር ሸጡት። ያኔ ዕድሜው 17 ነበር። በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመት ሆኖታል። መካከል ላይ ያሉት 13 ዓመታት በባርነትና በእስር ያለፉ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚነገረን ግን መጨረሻው ብቻ ነው፤ ዮሴፍ አለቀሰ፣ ወንድሞቹን አቅፎ ሳመ፣ ይቅር አለ።

በጥሞና ሲነበብ ግን ዮሴፍ በመጀመሪያው ቀን ማንነቱን አልገለጠም። በጠንካራ ቃል ተናገራቸው፣ ሦስት ቀን አሰራቸው፣ ስምዖንን መያዣ አድርጎ አስቀረ፣ ብንያምን እንዲያመጡ አዘዘ። በኋላም የብር ጽዋውን በብንያም ስልቻ ውስጥ አስደበቀ። ይህ ለምን አስፈለገ? እኔ እንደሚገባኝ፣ ወንድሞቹ የራሔልን ሌላ ልጅ ጥለው ለመሄድ ምክንያት ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ፊት የቀረበው ይሁዳ ነው። ዮሴፍ ይሸጥ ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ይኸው ይሁዳ እንደነበር አንዘንጋ። አሁን ግን ስለ ብንያም ለአባቱ ዋስ ሆኗልና በልጁ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን አለ። ዮሴፍ ሊታገሥ አቅቶት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቀሰው ይህን ከሰማ በኋላ ነው።

“ዋስ” የምትለዋ ቃል እዚህ ቦታ ላይ ስትገጥመኝ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 7 ክርስቶስንም በዚሁ ስም ይጠራዋል። ያልበላውን ዕዳ የሚከፍል ሰው ታሪክ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ልዩነቱ፣ እኔ ሳልወድ የከፈልኩትን እርሱ ወድዶ መክፈሉ ነው።

ከዚህ የተማርኩት፣ ለበደለን መራራት በደሉን መሸፈን አለመሆኑን ነው። ያዕቆብ ከሞተ በኋላ ወንድሞቹ ፈርተው ሲመጡ ዮሴፍ አጽናናቸው፤ ያሰቡበት ክፉ እንደነበረ ግን ሳይሸሽግ ነገራቸው። እግዚአብሔር ለመልካም ለወጠው እንጂ ክፋቱ መልካም ነበር አላለም። ርኅራኄው ለበዳዩ የመለወጫ መንገድ መክፈቱ ላይ ነው።

መከራስ ሰውን ያሳድጋል? በራሱ አያሳድግም። እኔን ለዓመታት ተጠራጣሪ ነው ያደረገኝ፤ ለማንም ዋስ አልሆንም ብዬ ምዬ ነበር። ዮሴፍ ግን በእስር ቤት ሳለ የሁለት እስረኞች ፊት መጥቆሩን አይቶ ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀ። የራሱ ሥቃይ የሌላውን ፊት ከማየት አላገደውም። ሁለተኛ ልጁን ኤፍሬም ብሎ የሰየመው በመከራው አገር ፍሬያማ ስለሆነ ነው። ልብ በሉ፤ ከፈርዖን ቀጥሎ ባለሥልጣን ሆኖም ግብፅን የመከራዬ አገር ማለቱን አልተወም።

እኔም ያንን ባልደረባዬን ለብቻው አግኝቼ፣ በሽማግሌ ፊት ያላነሳሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ የተቆረጠውን ገንዘብ፣ የልጆቼን ትምህርት ቤት፣ የሌሊቱን ሙግት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። በየወሩ የሚችለውን ያህል ሊከፍለኝ ተስማማን። ትንሽ ነው፤ ግን አላቋረጠም። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊታችንን አናዞርም።

በቅርቡ ደግሞ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ የብድር ቅጽ ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ከምን ከምን እንደሚከፍል አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ከዚያም ፈረምኩለት።