ኮረንቲ ጡንቻን ሲያሠራ

ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ በፍልውሃዋ ትታወቃለች። ቁርጥማት የያዘው፣ ወገቡን ያመመው ሁሉ እዚያ ይታጠባል፤ ሙቀቱም ሰውነትን ያፍታታል። የሰለለ ጡንቻ ግን በሙቀት ብቻ አይጠነክርም፤ መሥራት አለበት። ከጉልበት ቀዶ ሕክምና ወይም ከስትሮክ በኋላ ደግሞ ባለቤቱ ቢያዘውም እሺ አይልም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በኮረንቲ የሚሠራውን የጡንቻ ማነቃቂያ የሚያመጣው።

መሣሪያው ብዙውን ጊዜ በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ሕክምናው አይቋረጥም። ጉልበቱን ለታከመ ሰው ኮረንቲውን ወደ ሰውነት ከሚያስተላልፉት ተለጣፊ ፓዶች አንዱ ከጉልበት ከፍ ብሎ በጭኑ የውስጥ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይ በውጩ በኩል ይለጠፋል። ባለሙያው መጠኑን ቀስ በቀስ ሲጨምር መጀመሪያ ቆዳው ይነዝራል፤ ከዚያ ጭኑ ይጠጥራል፣ የጉልበቱ ሎሚም ወደ ላይ ይሳባል። 10 ሰከንድ ያህል ጠጥሮ እስከ 50 ሰከንድ ያርፋል። ዕረፍቱ የረዘመው አለምክንያት አይደለም፤ አንጎል የጡንቻ ክሮችን እያፈራረቀ ሲያሠራ ኮረንቲው ግን እነዚያኑ ክሮች ደጋግሞ ስለሚጠራ ቶሎ ያዝላቸዋል።

ኮረንቲው በዋናነት የሚቀሰቅሰው ጡንቻውን ሳይሆን ወደ ጡንቻው የሚሄደውን ነርቭ ነው። ነርቩ ተቆርጦ ከሆነ የተለመደው መሣሪያ አይረዳም።

ለአገራችን ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያዊው መነኩሴ የአባ ጎርጎርዮስ ወዳጅ የነበረው ጀርመናዊ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ ሐበሾች እየቆየ የሚመላለስ ትኩሳት የያዘውን ሰው ጠረጴዛ ላይ አስረው ኮረንቲ አመንጭቶ የሚነዝር ዓሣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያደርጉ እንደነበር ጽፏል። ሥቃዩ ብርቱ ነበር። የዛሬው መሣሪያ የሚወደደው መጠኑ ታካሚው በሚችለው ልክ ስለሚስተካከል ነው። ለመራመድም ይረዳል፤ በ1961 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ቭላዲሚር ሊበርሰንና ባልደረቦቹ ከስትሮክ በኋላ እግሩን ለሚጎትት ሰው ጫማው ውስጥ ማብሪያ ገጠሙ፤ ተረከዙ ከመሬት ሲነሣ ኮረንቲው ነርቩን ይቀሰቅስና የእግሩ ፊት ቀና ይላል።

ገዝቶ ቤት ውስጥ በራስ መሞከር ግን አይመከርም። የልብ ምት ማስተካከያ (ፔስሜከር) የተገጠመለት ወይም እግሩ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ በቁስል ላይ፣ በአንገት ፊት ለፊትና በነፍሰ ጡር ሆድ ላይም አይለጠፍም። ይህን አይቶ የሚወስን ባለሙያ አገር ውስጥ ይሠለጥናል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል።

ትልቁ ስሕተት ፓድ ለጥፎ ዝም ብሎ መተኛት ነው። ጭኑ በጠጠረ ቁጥር ታካሚውም አብሮ ማጥበቅ አለበት። እግሩን ሳያጥፍ በራሱ ማንሣት ሲችል ፓዶቹ ይቀሩና ቁጭ ብድግ፣ ቀጥሎም ደረጃ መውጣት ይጀምራል።